የተሻሻለውን የኤሌክትሪክ ኮድ ለዲዛይን መሐንዲሶች ማሠልጠን፦ ከዝግጅት እስከ መጀመሪያው ፊርማ

አማካሪ ድርጅቶች የዲዛይን መሐንዲሶቻቸውን ሰብስበው ስለ አዲሱ የኤሌክትሪክ ኮድ ያሠለጥናሉ። ስላይድ ይታያል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል። በሳምንቱ የሚወጣው ንድፍ ግን ከሥልጠናው በፊት ከወጣው በምንም አይለይም። የብሬከሩ ምርጫ ያው ነው፣ የኬብሉ መጠን ያው ነው፣ የፓነሉ ስፔሲፊኬሽንም ከዓመታት በፊት የተሻረውን የደረጃ ቁጥር ይጠቅሳል። ጥፋቱን በመሐንዲሶቹ ስንፍና ማሳበብ ይቀላል። ዋናው ምክንያት ግን ሰው ሠልጥኖ የኤክሴል ሉሁ ሳይሠለጥን መቅረቱ ነው።

ይህ መመሪያ የኤሌክትሪክ ዲዛይን ክፍልን ለሚመሩና ሥልጠናውን ራሳቸው ለሚሰጡ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ በአገራችን ሥራ ላይ በስፋት ከሚውለው ከአይኢሲ (ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን) 60364 ዝቅተኛ ቮልቴጅ ደረጃ የተወሰዱ ናቸው። የደረጃዎቹ ዓመተ ምሕረት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሥልጠናው ሲያልቅ በእጅዎ ሦስት ነገሮች ሊኖሩ ይገባል፤ የታረመ የስሌት ሉህ፣ የታረመ የስፔሲፊኬሽን ሰነድና መሐንዲሶቹ ራሳቸው ያረሙት አንድ ሙሉ ንድፍ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሥልጠናው አላለቀም።

ደረጃ 1፦ የትኛው እትም እንደሚገዛ ይለዩ

ከስላይድ በፊት ሰነድ ይቅደም። አይኢሲ 60364 አንድ መጽሐፍ አይደለም፤ ብዙ ክፍሎች አሉት፣ እያንዳንዱም ክፍል የራሱ ዓመትና የራሱ ማሻሻያ አለው። ስለዚህ ስፔሲፊኬሽን ላይ «በአይኢሲ 60364 መሠረት» ብሎ መጻፍ ብቻውን ምንም አይናገርም።

1. ቢሮው ውስጥ ያሉትን ቅጂዎች በሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያውጡ። በኮምፒውተር ያሉትንም ያትሙ፤ የሽፋን ገጻቸው ይበቃል።
2. ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ዓመት ይጻፉ፤ በእጅዎ ያለው እትም ዓመትና አሁን የሚሠራው እትም ዓመት። ለምሳሌ ከኤሌክትሪክ ንዝረት ስለመጠበቅ የሚደነግገው ክፍል 4-41 በ2005 ወጥቶ በ2017 ተሻሽሏል። ማሻሻያው በተለየ ሰነድ ስለሚወጣ ዋናው መጽሐፍ ኖሮ ማሻሻያው የሌለበት ቢሮ ብዙ ነው።
3. የብሔራዊውን ኮድ ሁኔታ በጽሑፍ ያረጋግጡ። ኢቢሲኤስ 10 የሕንፃዎች ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ኮድ የወጣው በ1995 ነው። ግንባታ ፈቃድ ሰጪው አካል፣ አሠሪውና ብድር ሰጪው የትኛውን እትም እንደሚቀበሉ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይያዙ።
4. የማይሠሩትን ቅጂዎች «ተሽሯል» የሚል ማኅተም መትተው ከመደርደሪያው ያንሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ የአሜሪካውን ኮድ፣ የእንግሊዙን ቢኤስ 7671 እና አይኢሲን አያቀላቅሉ። በገልፍ አገሮች ሠርተው የተመለሱ ባልደረቦች ብዙ ጊዜ የለመዱት ቢኤስ 7671ን ነው፤ አሜሪካ የተማሩት ደግሞ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ጭነትን በ125 በመቶ የማባዛት ልማድ ይዘው ይመጣሉ። ሁለቱም በየቤታቸው ትክክል ናቸው። ከአንዱ ሠንጠረዡን፣ ከሌላው ደንቡን ወስዶ አንድ ስሌት ውስጥ መክተት ግን አደገኛ ነው፤ የስሌቱን ደኅንነት የሚያረጋግጥ ኮድ በሁለቱም ወገን አይገኝም።

ካልተሳካ፦ ሁለት ሰነዶች ተቃርነው መወሰን ካቃተዎት ጥያቄውን ለአሠሪው በደብዳቤ ያቅርቡ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ጥብቅ የሆነውን ይዘው ይሥሩ፤ በስሌቱ የመጀመሪያ ገጽም ይህንኑ ይግለጹ።

ደረጃ 2፦ የለውጥ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ

አሠልጣኙ ብቻውን ቁጭ ብሎ የሚሠራው ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ኮዱን ከአንቀጽ አንድ ጀምሮ ለሠልጣኞች አያንብቡ። አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይሥሩ፤ ድሮ ምን ይል ነበር፣ አሁን ምን ይላል፣ ግዴታ ነው ወይስ ምክር፣ ለውጡ የሚነካው የቢሮ ሰነድ የትኛው ነው። አራተኛው ዓምድ ባዶ የቀረበት ረድፍ ሁሉ ተረስቶ የሚቀር ረድፍ ነው።

ለመነሻ የሚሆኑ ረድፎች እነሆ፦

የማቋረጫ ጊዜ። በ2005ቱ እትም አጭሩ የማቋረጫ ጊዜ (ብልሽት ሲፈጠር መስመሩ እስኪቋረጥ የሚፈቀደው ጊዜ) የሚመለከተው እስከ 32 አምፔር ያሉ የመጨረሻ መስመሮችን (ሶኬትን ወይም ዕቃን በቀጥታ የሚመግቡትን) ነበር። በ2017ቱ ማሻሻያ ሶኬት ላለባቸው መስመሮች ጣሪያው ወደ 63 አምፔር ከፍ ብሏል፤ ቋሚ ዕቃ ብቻ ለሚመግቡት 32 አምፔር እንደሆነ ቀርቷል። የሚነካው ሰነድ፦ የስሌት ሉሁ። ወርክሾፖችና ትልልቅ ወጥ ቤቶች ውስጥ ያሉ ባለ 63 አምፔር ሶኬቶች በቀጥታ እዚህ ይገባሉ።

ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ከረንት ወደ መሬት ሲፈስ አውቆ መስመሩን የሚያቋርጥ መሣሪያ)። ተራ ሰው ለሚጠቀምባቸው ሶኬቶች ግዴታው እስከ 20 አምፔር ላሉት ነበር፤ አሁን እስከ 32 አምፔር ደርሷል። በመኖሪያ ቤት ደግሞ የመብራት መስመሮችም ተጨምረዋል። የሚነካው ሰነድ፦ የፓነል ሠንጠረዡ፣ ነጠላ መስመር ንድፉና የሥራ ዝርዝር ዋጋው። ይህ ረድፍ ገንዘብ ስለሚጠይቅ የዋጋ ተማኙ በሥልጠናው መገኘት አለበት።

የፓነል ደረጃ። አይኢሲ 60439 በአይኢሲ 61439 ከተተካ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። «ሙሉ በሙሉ የተፈተሸ» እና «በከፊል የተፈተሸ» የሚለው የድሮ አከፋፈል ቀርቶ የዲዛይን ማረጋገጫ የሚባል አንድ ሥርዓት መጥቷል። የሚነካው ሰነድ፦ ስፔሲፊኬሽኑ። ፓነል ገጣጣሚው ማረጋገጫውን እንዲያቀርብ የሚጠይቅ አንቀጽ ከሌለዎት ማንም አያቀርብልዎትም።

የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህ ረድፍ ለማንም የማይቀር ሆኗል። ክፍል 7-722 በ2018ቱ እትሙ እያንዳንዱ የቻርጅ ነጥብ የራሱ መስመርና የራሱ ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ እንዲኖረው ያዛል። የሚነካው ሰነድ፦ ሁሉም።

ሰርጅ ፕሮቴክተር። የ2015ቱ የክፍል 4-44 ማሻሻያ፣ የቮልቴጅ ጡዘት የሰው ሕይወትን፣ የሕዝብ አገልግሎትን ወይም ንግድና ኢንዱስትሪን በሚጎዳበት ቦታ ሁሉ ሰርጅ ፕሮቴክተርን (ያን ጡዘት የሚገታውን መሣሪያ) ግዴታ አድርጓል። በሌላው ቦታ ስሌት ይጠይቃል።

የአርክ ብልጭታ ማወቂያ። ይህ፣ እሳት ሊያስነሳ የሚችል ብልጭታ በመስመሩ ላይ ሲፈጠር አውቆ የሚያቋርጥ መሣሪያ፣ በክፍል 4-42 የተቀመጠው በምክር ደረጃ ነው። ሠንጠረዡ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት ለሠልጣኞች «ይመከራል» እና «ግዴታ ነው» የሚሉትን መለየት ለማስተማር ነው። ምክርን ግዴታ አድርጎ አሠሪውን አላስፈላጊ ወጪ ማስወጣትም፣ ግዴታን ምክር አድርጎ ማለፍም ከአንድ ምንጭ ይመጣሉ፤ አንቀጹን ሳያነቡ ከሰው አፍ ከመቀበል።

ደረጃ 3፦ ከራስዎ መደርደሪያ አንድ ፕሮጀክት ይምረጡ

የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ አይጠቀሙ። ቢሮው ራሱ ሠርቶ ያስረከበውን አንድ ሕንፃ ይምረጡ። ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ፣ ሱቆችና መኖሪያ ያለው ቅይጥ ሕንፃ ቢሆን ይመረጣል፤ ከላይ የተዘረዘሩት ለውጦች ሁሉ ይገኙበታልና።

- የአሠሪውንና የንድፍ ሠሪውን ስም ያጥፉ። የተሳሳተ ሰው ፍለጋ ከተጀመረ ሥልጠናው ወደ ግምገማ ይለወጣል፣ የሚናገርም ይጠፋል።
- ነጠላ መስመር ንድፉን፣ የፓነል ሠንጠረዦቹን፣ የኬብል ስሌቱንና ስፔሲፊኬሽኑን ለሁለት ሰው አንድ ቅጂ ያትሙ።
- የብሬከሩን አምራች ካታሎግ ከማቋረጫ መስመሩ ግራፍ ጋር ያቅርቡ። ያለ ግራፍ ስለ ማቋረጫ ጊዜ ማስተማር አይቻልም።
- ከትራንስፎርመሩ ጋር የሚያያዘው የኧርዚንግ (ከመሬት ጋር የማገናኘት) ሥርዓት ቲኤን (የሕንፃው የመሬት ሽቦ ከትራንስፎርመሩ መሬት ጋር በሽቦ የተያያዘበት) ይሁን ቲቲ (ሕንፃው የራሱ የመሬት ዘንግ ያለበት) አስቀድመው ያጣሩ። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በጽሑፍ የተገኘ መረጃ ከሌለ መጠየቂያ ደብዳቤውን ራሱን የሥልጠናው አካል ያድርጉት።

ለተሳታፊዎች ቁጥር ከ6 እስከ 12 ይበቃል። ድራፍተሩን አይርሱ። የምልክት መግለጫውንና የፓነል ሠንጠረዡን ከአሮጌ ፋይል ወደ አዲስ የሚገለብጠው እርሱ ነውና አሮጌው ስህተት የሚጓዘው በእርሱ እጅ ነው። ጊዜውን በአንድ ሳምንት አያጭቁት። አራት ግማሽ ቀናት፣ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ አንድ የሥራ ቀን ቢኖር መሐንዲሱ የተማረውን በያዘው ፕሮጀክት ላይ አይቶ ጥያቄ ይዞ ይመለሳል።

ደረጃ 4፦ ስም የሌለው ቅድመ ፈተና ይስጡ

ግማሽ ሰዓት፣ መጽሐፍ ተከፍቶ፣ ስም ሳይጻፍ። በየቢሮው እንደሚታወቀው አንጋፋው ኢንጂነር በጀማሪ ፊት መፈተን ይከብደዋል፤ ጀማሪውም የአለቃውን መልስ ለማረም አይደፍርም። ስም አለመጻፉ ሁለቱንም ያሳርፋል። አራት ጥያቄ ይበቃል፦

1. በ230 ቮልት ለሶኬት መስመር የሚፈቀደው የማቋረጫ ጊዜ በቲኤን ስንት ነው? በቲቲስ? (0.4 እና 0.2 ሰከንድ።)
2. ፓነልን ለሚመግብ መጋቢ መስመርስ? (በቲኤን 5፣ በቲቲ 1 ሰከንድ።)
3. አጭር ዙር ተቃውሞው 4 በመቶ የሆነ ባለ 315 ኬቪኤ፣ 15 ኪሎ ቮልት በ400 ቮልት ትራንስፎርመር መውጫው ላይ ስንት የሾርት ሰርኪዩት ከረንት ይሰጣል? (455 አምፔር ለ0.04 ሲካፈል 11 ኪሎ አምፔር ገደማ።) እዚያው አጠገብ 6 ኪሎ አምፔር የሚችል ብሬከር ብቻውን ማስቀመጥ ይቻላል? (አይቻልም።)
4. ቢ ዓይነት ብሬከርና ቢ ዓይነት አርሲዲ ምን ያገናኛቸዋል?

የአራተኛው መልስ «ምንም» ነው። በብሬከር ላይ ፊደሉ ፈጣን ማቋረጫው ከስንት እጥፍ ከረንት እንደሚጀምር ይናገራል፤ በአርሲዲ ላይ ግን መሣሪያው ምን ዓይነት የመሬት ፍሳሽ ከረንት እንደሚለይ ይናገራል። ይህ ባለመታወቁ ሳይት ላይ የተሳሳተ ዕቃ ይገዛል።

ካልተሳካ፦ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ከሳቱ በደረጃ 5 የሁለተኛውን ቀን ትምህርት ያስቀድሙ። የኬብል ስሌቱ ይቆያል።

ደረጃ 5፦ አራቱ ግማሽ ቀናት

*የመጀመሪያው ቀን፦ ኬብል በእጅ ስሌት*

ኮምፒውተር ይዘጋ። ሰሌዳና ካልኩሌተር ብቻ። የሚከተለውን መስመር ይስጧቸው፦ ሰመራ ላይ ያለ ሕንፃ፣ የአካባቢ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በአንድ ኮንዱይት (የሽቦ ቱቦ) ሦስት መስመር አብሮ ያልፋል፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ፒቪሲ ሽቦ፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከር።

የክፍል 5-52 ሠንጠረዥ ለዚህ አዘረጋግ 24 አምፔር ይሰጣል። 24 ከ20 ስለሚበልጥ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። አያቁሙ። ሠንጠረዡ የተሠራው ለ30 ዲግሪ ነው። ለ40 ዲግሪ በ0.87፣ ለሦስት መስመር አብሮ መሄድ በ0.70 ይባዛል፦

24 × 0.87 × 0.70 = 14.6 አምፔር

ባለ 20 ቀርቶ ባለ 16 አምፔር ብሬከርም ይህን ሽቦ አይጠብቀውም። ሠልጣኞቹ ወዲያው «4 ሚሊ ሜትር ካሬ እናድርገው» ይላሉ። ያስሉት፦

32 × 0.87 × 0.70 = 19.5 አምፔር

ለግማሽ አምፔር ይወድቃል። እዚህ ላይ ክርክር ይነሳል፤ ይነሳ። «ግማሽ አምፔር ምን ያደርጋል» የሚል ሰው ካለ መልሱ ኮዱ ውስጥ ነው፤ የኬብሉ የመሸከም አቅም ከብሬከሩ መጠን ማነስ የለበትም። የሚያልፉት ሁለት መንገዶች ናቸው። ብሬከሩን ወደ 16 ዝቅ አድርጎ 4 ሚሊ ሜትር ካሬውን መያዝ፣ ወይም 25 አምፔር የሚደርሰውን 6 ሚሊ ሜትር ካሬ መውሰድ። ሦስተኛም አለ፤ ብዙ ጊዜ ርካሹም እርሱ ነው። መስመሮቹን በተለያየ ኮንዱይት ማሳለፍ። ይህን መልስ ከሠልጣኞቹ አንዱ እስኪያመጣው ይጠብቁ።

*ሁለተኛው ቀን፦ ማቋረጥ*

ደንቡ አጭር ነው። የሉፕ ኢምፒዳንሱ (የብልሽት ከረንት ከትራንስፎርመሩ ወጥቶ እስኪመለስ የሚያልፍበት ዙር ጠቅላላ ተቃውሞ) ብሬከሩ በጊዜው እንዲያቋርጥ ከሚያስፈልገው ከረንት ጋር ሲባዛ ከ230 ቮልት መብለጥ የለበትም። ሲ ዓይነት ብሬከር በእርግጠኝነት ወዲያው የሚያቋርጠው በ10 እጥፍ ነው፤ ቢ ዓይነት በ5 እጥፍ። ስለዚህ ለባለ 20 አምፔር፦

ሲ ዓይነት፦ 230 ÷ 200 = 1.15 ኦም
ቢ ዓይነት፦ 230 ÷ 100 = 2.30 ኦም

ይህንን ሰሌዳው ላይ ትልቅ አድርገው ይጻፉና ይህን ጥያቄ ያንሱ፦ ኮንትራክተሩ ገበያ ላይ ቢ ዓይነት ስላጣ ሲ ዓይነት ልጠቀም ብሎ ጽፏል፤ መልስዎ ምንድን ነው? «አምፔሩ አንድ ነው፣ ይቻላል» ብሎ የሚፈርም መሐንዲስ የሚፈቀደውን ኢምፒዳንስ በግማሽ እንደቀነሰው ሳያውቅ ፈረመ ማለት ነው። ረጅም መስመር ላይ ያ ፊርማ ሰው ሊገድል ይችላል። ብሬከሩ ለብልሽቱ እንደ ሞተር ማስነሻ ከረንት ዝም ብሎ ይቆያል፣ የማሽኑ አካልም በዚያ ሁሉ ጊዜ በቮልቴጅ ይቆያል።

ሳይት ላይ ለሚለካው ቁጥር የጣሪያውን ሁለት ሦስተኛ ይውሰዱ። ልኬቱ የሚደረገው ሽቦው በቀዘቀዘበት ስለሆነ አይኢሲ 60364-6 በአባሪው የሚያቀርበው ዘዴ ይኸው ነው። ለሲ 20 ብሬከር ከ0.77 ኦም በታች ካልተነበበ አይረከቡ።

በቲቲ ሥርዓት ስሌቱ ይለያል። የመሬት ዘንጉ ተቃውሞ ከአርሲዲው መጠን ጋር ሲባዛ ከ50 ቮልት አይበልጥም፤ ለ300 ሚሊ አምፔር አርሲዲ 166 ኦም ማለት ነው። አርሲዲ የሌለው የቲቲ ዝርጋታ በብሬከር ብቻ ያቋርጣል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው።

*ሦስተኛው ቀን፦ የመኪና ቻርጀርና ሰርጅ*

ምድር ቤት ውስጥ ከፓነሉ 45 ሜትር የራቀ ባለ 32 አምፔር ነጠላ ፌዝ ቻርጀር ይስጧቸውና በመስመሩ ላይ የሚወርደውን ቮልቴጅ ያስሉት። በ6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ ለመዳብ ደረጃው የሚሰጠውን የተቃውሞ ቁጥር 0.0225 ይዘን፦

2 × 0.0225 × 45 ÷ 6 × 32 = 10.8 ቮልት፣ ማለትም 4.7 በመቶ

ከሚፈቀደው 5 በመቶ በታች ነው ብለው ደስ እንዳይላቸው። 5 በመቶው የሚቆጠረው ከሕንፃው መግቢያ ጀምሮ ነው፤ ከመግቢያው እስከ ፓነሉ ያለው መጋቢ መስመር የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በ10 ሚሊ ሜትር ካሬ 2.8 በመቶ ይሆናል፤ ይሻላል።

ቀጥሎ ጥበቃውን ያስመርጧቸው። ቻርጀር ቀጥተኛ ከረንት ወደ መሬት ሊያፈስ ስለሚችል ኤሲ ዓይነት አርሲዲ አይሆንም። ወይ ቢ ዓይነት፣ ወይ ደግሞ ኤ ወይም ኤፍ ዓይነት ሆኖ 6 ሚሊ አምፔር ቀጥተኛ ከረንት ከሚያውቅ መሣሪያ ጋር መሆን አለበት። ብዙ ቻርጀሮች መሣሪያውን በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ፤ የአምራቹን ሰነድ ሳያዩ አለው ብለው አይገምቱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቢ ዓይነት አርሲዲን ከኤ ዓይነት በኋላ በተከታታይ አያስቀምጡ። ቢ ዓይነቱ ሳያቋርጥ የሚያሳልፈው ቀጥተኛ ከረንት የላይኛውን አርሲዲ ሊያደነዝዘውና ጨርሶ እንዳያቋርጥ ሊያደርገው ይችላል።

ሁለት ነገር ይጨምሩ። በቲኤን ሥርዓት ቻርጀሩን የሚመግበው መስመር ኒውትራልና መሬትን አንድ ያደረገ ሽቦ ሊኖረው አይችልም። ሁለተኛ፣ ቻርጀሮች ሁሉ አንድ ላይ ይሠራሉ ተብሎ ይሰላል፤ በግማሽ መቁጠር የሚቻለው ጭነት የሚቆጣጠር ሥርዓት ሲገጠም ብቻ ነው። አሥር ቻርጀር በአምስት ቆጥሮ ትራንስፎርመር ያዘዘ መሐንዲስ ማታ ሁሉም ነዋሪ ሲመለስ ምን እንደሚሆን ያስበው።

ለሰርጅ አንድ ስሌት ይበቃል። የክፍል 4-44 የአደጋ መጠን የሚገኘው የአካባቢው ቁጥር በመስመሩ ርዝመት ዋጋና በመብረቁ ጥግግት ብዜት ሲካፈል ነው፤ ውጤቱ ከ1000 በታች ከሆነ ሰርጅ ፕሮቴክተር ግዴታ ነው። በአየር ላይ መስመር ለሚመገብ የገጠር ሕንፃ የአካባቢው ቁጥር 85፣ የርዝመት ዋጋው 1፣ ጥግግቱ 4 ቢሆን 85 ÷ 4 = 21 ይመጣል። ከ1000 በእጅጉ ያነሰ ነው። የማገናኛ ሽቦዎቹ ጠቅላላ ርዝመት ከግማሽ ሜትር እንዳይበልጥ በፓነሉ ንድፍ ላይ ያስጽፉ፤ ሳይት ላይ በብዛት የሚጣሰው ይህ ነው።

*አራተኛው ቀን፦ ከፍታና ስፔሲፊኬሽን*

ይህን ቀን አይዝለሉት። አይኢሲ 61439 ፓነል በመደበኛነት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ይሠራል ብሎ ይነሳል፤ የትራንስፎርመርና የመካከለኛ ቮልቴጅ ማብሪያ ማጥፊያ ደረጃዎች ደግሞ እስከ 1,000 ሜትር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ሲሳሳ የሙቀት ማቀዝቀዝም የኢንሱሌሽን ጥንካሬም ይቀንሳል። እንደ አይኢሲ 60664-1 በ3,000 ሜትር የአየር ክፍተት በ1.14 ይባዛል። የሥራ ቦታው ከፍታ ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ካልተጻፈ አቅራቢው ለባሕር ጠረፍ የተሠራውን ዕቃ ቢልክ ሕጋዊ መብቱ ነው።

ሠልጣኞቹን በጥንድ ያስቀምጡና የቢሮውን ስፔሲፊኬሽን በቀይ እስክሪብቶ ያርሙ። የተሻረ የደረጃ ቁጥር፣ ዓመት የሌለው ጥቅስ፣ ያልተጻፈ ከፍታና ሙቀት፣ ዓይነቱ ያልተገለጸ አርሲዲ ይፈልጉ።

ደረጃ 6፦ የስሌት ሉሁን ያርሙ

1. አሮጌውን ሉህ ስሙን ቀይረው ማንበብ ብቻ ወደሚቻልበት ማኅደር ያዛውሩ። በየሰው ላፕቶፕና ፍላሽ ያለው ቅጂ ነው ችግሩ፤ ያሰባስቡት።
2. 220 ቮልት የሚል ሴል ካለ ወደ 230 ያርሙ፤ 380ውንም ወደ 400።
3. ለሙቀት፣ ለመስመር ብዛትና ለከፍታ የተለዩ ሴሎች ይፍጠሩ። ባዶ ሲተው «1» ብሎ የሚያልፍ ሉህ አይሥሩ፤ ባዶ ከሆነ ስህተት ይበል።
4. የብሬከሩን ዓይነት የሚያስመርጥ ሴል ይጨምሩና የኢምፒዳንስ ጣሪያው ከእርሱ ይሰላ።
5. በሰሌዳ የሠሩትን የሰመራውን መስመር ያስገቡ። 14.6፣ 19.5 እና 25.0 ካላወጣ ሉሁ አልታረመም።
6. ቀመር ያለባቸውን ሴሎች ይቆልፉ፤ የእትሙ ቁጥርና ቀን በእያንዳንዱ የሚታተም ገጽ ግርጌ ይውጣ።

ካልተሳካ፦ ሉሁና የእጅ ስሌቱ ከተለያዩ ሉሁን አምነው እጅዎን አያርሙ። በመጀመሪያ የአዘረጋጉን ሠንጠረዥ ዓምድ ይፈትሹ፤ በጣም የሚያጋጥመው የነጠላ ፌዙንና የሦስት ፌዙን ዓምድ ማምታታት ነው። ለ4 ሚሊ ሜትር ካሬ አንደኛው 32፣ ሌላኛው 28 አምፔር ይላል።

ደረጃ 7፦ በስህተት በተሞላ ንድፍ ይፈትኑ

አማራጭ ያለው ጥያቄ አይስጡ። ሆን ብለው አሥር ስህተት የተከሉበትን ነጠላ መስመር ንድፍና የፓነል ሠንጠረዥ ይስጡ፤ ስህተቱን፣ የጣሰውን አንቀጽና ማረሚያውን እንዲጽፉ ያድርጉ። ከስህተቶቹ ሁለቱ ንድፉ ላይ የሌለ ነገር ይሁኑ፤ ለምሳሌ የጎደለ ሰርጅ ፕሮቴክተር። የተሳሳተን ከማየት የጎደለን ማየት ይከብዳል፤ ፈታሽ መሐንዲስ የሚለየውም በዚህ ነው።

የሰው ሕይወት የሚነኩትን ስህተቶች፣ ማለትም ማቋረጥንና አርሲዲን የሚመለከቱትን፣ ሁሉንም ያላገኘ ሰው በሌላው የቱንም ያህል ቢያመጣ በድጋሚ ይፈተናል። እስከዚያ ንድፉን ሌላ ሰው አይቶለት ይፈርም።

ደረጃ 8፦ በሂደት ላይ ያሉ ፕሮጀክቶችን ይለዩ

በማግሥቱ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «በእጄ ያለውን ምን ላድርገው?» የሚል ነው። ፕሮጀክቶቹን በሦስት ይክፈሏቸው።

ገና ያልጸደቁትን በአዲሱ ይሥሩ። ጸድቀው ጨረታ ያልወጣባቸውን የለውጥ ሠንጠረዡን ይዘው ይከልሱ፤ የዋጋ ልዩነቱን ለአሠሪው በጽሑፍ ያሳውቁ። በግንባታ ላይ ያሉትን በውሉ መሠረት የሚገዛቸው የቀድሞው እትም ነው፤ ያም ሆኖ አርሲዲን፣ የማቋረጫ ጊዜንና የመኪና ቻርጀርን የሚመለከት ጉድለት ካገኙ ለአሠሪውና ለተቆጣጣሪው ደብዳቤ ይጻፉ። ደብዳቤው የአንቀጹን ቁጥር፣ የተገኘውን ስሌትና የማረሚያውን ዋጋ ይያዝ፤ አሠሪው ባይቀበለው እንኳ ቅጂው ከፕሮጀክቱ ፋይል ጋር ይታሰር።

ከሥልጠናው በኋላ በእያንዳንዱ መሐንዲስ እጅ የሚወጡትን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ንድፎች አሠልጣኙ ራሱ ይፈትሽ፤ ከየፓነሉ ረጅሙን መስመር መርጦ በእጁ ያስላው፣ ከሉሁ ውጤት ጋር ያስተያየው፣ ከዚያም ይፈርም።